ከእንጀራው ተቀንሶ በቅቤው ላይ የተጨመረው

አባቴ የልብ ደም ሥራቸው ጠቦ ስቴንት (ደም ሥሩን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቱቦ) ከገባላቸው በኋላ፣ ሐኪማቸው ክብደት እንዲቀንሱ አጥብቀው መከሯቸው፤ አንድ ወዳጃቸው ደግሞ እንጀራና ዳቦ ቢተዉ ቶሎ እንደሚሳካላቸው ነገሯቸው። አባቴም ምክሩን በራሳቸው መንገድ ተረጎሙት፦ ጠዋት በቅቤ የተጠበሰ እንቁላል፣ ምሳ ላይ ያለ እንጀራ የቀረበ ጥብስ፣ ማታ ለብለብ ክትፎ በአይብ። በ3 ወር ውስጥ 6 ኪሎ ቀንሰው ሁላችንም ተደስተን ሳለ፣ የደም ምርመራቸው ትራይግሊሰራይድ የተባለው ስብ መውረዱን፣ መጥፎ የሚባለው ኮሌስትሮል ግን ከቀድሞው ከፍ ማለቱን አሳየ።

ነገሩ እንቆቅልሽ አይደለም። በእንጀራና በዳቦ የሚበዛው ካርቦሃይድሬት ሲቀንስ የኢንሱሊን መጠን ስለሚወርድ፣ ጉበት ከትርፍ ስኳር እየሠራ ወደ ደም የሚልከው ትራይግሊሰራይድም ይቀንሳል፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሚወርደው ክብደት አብዛኛው ግን ውኃ ነው። በአንጻሩ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የቅቤ ስብ የሚረጋው ዓይነት በመሆኑ፣ ጉበት መጥፎውን ኮሌስትሮል ከደም የማጽዳት አቅሙን ያዳክመዋል።

በ2008 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የታተመውና በእስራኤል ዲሞና ከተማ 322 ሰዎችን ለ2 ዓመት የተከታተለው ጥናት ብዙ ጊዜ ለዚህ አመጋገብ ምስክር ሆኖ ይጠቀሳል። ካርቦሃይድሬት የቀነሱት በአማካይ 4.7 ኪሎ፣ ስብ የቀነሱት 2.9 ኪሎ ወርዶላቸዋል። ጠቃሾቹ የሚዘነጉት ግን ካርቦሃይድሬት የቀነሱት ተሳታፊዎች ስብና ፕሮቲናቸውን በተቻለ መጠን ከዕፅዋት እንዲያገኙ መመከራቸውን ነው፤ ክትፎ አልታዘዘላቸውም። የሜዲትራንያን አመጋገብ የተከተሉትም 4.4 ኪሎ ቀንሰዋል።

ስለዚህ እኛ ቤት አንድ ሙሉ እንጀራ ወደ ሩብ ወረደ፤ ስኳር ከሻዩ ወጣ፤ ቅቤው በጥቂት ዘይት ተተካ፤ ጎመን፣ ሰላጣና ዓሣ በረከቱ። ሽሮና ምስር ካርቦሃይድሬት ቢኖራቸውም፣ ፕሮቲንና አሰር ስላላቸው በመጠኑ ቀሩ። ያስቸገረን ጾሙ ነበር፤ ሥጋውና እንቁላሉ ሲቀር ገበታውን እንጀራ መልሶ ይሞላዋልና። እናቴ ለዚህ በሱፍ፣ በተልባና በአቮካዶ ዘዴ አበጁለት።

የመድኃኒቱ ጉዳይ ከምግቡ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። ኢንሱሊን ወይም ግሊበንክላማይድ የተባለውን የስኳር በሽታ ኪኒን የሚወስድ ሰው መጠኑ ሳይስተካከልለት እንጀራውን ቢተው ስኳሩ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል፤ ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን ዋርፋሪን የሚወስድ ደግሞ ጎመን በድንገት ቢያበዛ በውስጡ ያለው ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ኃይል ይቀንሰዋል። አባቴ ከእነዚህ አንዱንም ባይወስዱም፣ የደም ግፊት ኪኒናቸው መጠን ክብደታቸው ሲወርድ በሐኪማቸው ተቀንሷል።

ክትፎው አሁን ለበዓል ብቻ ነው። የቀራቸው ቅሬታ አንድ ነው፦ በሩብ እንጀራ ለልጅ ልጆቻቸው ጉርሻ አይዳረስም።