ከፊት የሚገባው ቁጥር

ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ኬሚካላዊ እኩልታ ማመጣጠን የቻልኩ መስሎኝ፣ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነርሲንግ ለምትማረው ታላቅ እህቴ ደብተሬን በኩራት አሳየኋት። ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ተዋህደው ውሃ ሲሆኑ በግራ በኩል ሁለት፣ በቀኝ በኩል ግን አንድ የኦክስጅን አቶም ብቻ ስለሚገኝ፣ ጉድለቱን የሞላሁት በውሃው ቀመር ውስጥ ከኦክስጅን ግርጌ 2 በመጻፍ ነበር። ቆጠራው በእርግጥ ተስተካክሏል። እህቴ ግን ሳቅ ብላ፣ «ይህ እኮ ቁስል የምናጥብበት ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ነው፤ ትጠጪዋለሽ?» አለችኝ።

ግርጌ ያለው ቁጥር የንጥረ ነገሩ ማንነት ስለሆነ አይነካም፤ እኔ የማዝበት ከፊት የሚገባው ብቻ ነው። ከውሃው ፊት 2 ሲገባ ኦክስጅኑ ይስተካከላል፤ ሃይድሮጅኑ 4 ስለሚሆን ግን በግራ በኩል ካለው ሃይድሮጅንም ፊት 2 ይገባል።

ይህን ብረዳም፣ ማራኪ ሰፈር የተከራየናት ቤት የዛገ ቆርቆሮ ያስታወሳት ቀጣዩ ጥያቄ አስቸገረኝ። በዝገቱ ውስጥ ያለውን ውሃ ትተን የብረት ኦክሳይዱን ብቻ ብንወስድ፣ 2 የብረትና 3 የኦክስጅን አቶሞች አሉት። እህቴ እናታችን ለሽሮ ካስቀመጠችው ሽምብራ ዘግና ኦክስጅን አለችው፤ ምስሩ ብረት ሆነ። ሕጉ አንድ ነበር፦ የአየር ኦክስጅን ጥንድ ጥንድ ሆኖ ስለሚገኝ ሽምብራው ከሳህኑ ሁለት ሁለት እየሆነ ብቻ ይወጣል። ለአንድ የብረት ኦክሳይድ ክምር 3 ሽምብራ ስፈልግ ወይ አንድ ይጎድለኛል፣ ወይ አንድ ይተርፈኛል። ሁለት ክምር ስሠራ ግን 6 ሽምብራ ከሦስት ጥንድ ተገኘ፤ ምስሩም 4 ሆነ። 4 ብረትና 3 ጥንድ ኦክስጅን 2 የብረት ኦክሳይድ ይሰጣሉ ማለት ነው። 8፣ 6 እና 4 ብልም ቆጠራው አይፈርስም፤ ነገር ግን የሚጻፈው የመጨረሻው ትንሹ ሙሉ ቁጥር ነው።

በመጨረሻ የፋሲል ግቢ ግንቦች ድንጋይ የተያያዘበትን ኖራ አነሳችብኝ። የኖራ ድንጋይ ሲቃጠል ካልሲየም ኦክሳይድና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ሩብ ሰዓት ያህል ከፊት የሚገባ ቁጥር ስፈልግ ቆየሁ፤ አንዱ ካልሲየም፣ አንዱ ካርቦንና ሦስቱ ኦክስጅኖች ግን እኔ ሳልነካቸው ቀድመው ተመጣጥነው ኖሯል።