«ጌት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ግስ እንዴት እንደለመድኩት

ደሴና ኮምቦልቻ ሆናችሁ እንግሊዝኛ ለምትለማመዱ ወዳጆቼ ይህን የምጽፈው፣ ለረጅም ጊዜ ያስቸገረኝ «ጌት» የተባለው ግስ በቅርቡ እጅ ስለሰጠኝ ነው።

መጀመሪያው አልከበደኝም። ከግሱ ቀጥሎ ስም ሲመጣ ማግኘት ወይም መቀበል፣ ቅጽል ሲመጣ ደግሞ መለወጥ ነው፤ ከደሴ ተነሥቶ የሐረጎን ቁልቁለት ለሚወርድ መንገደኛ «ኢት ጌትስ ዋርመር» (እየሞቀ ይሄዳል) ማለት ማብራሪያ አይፈልግም። ወርዶ ሲጨርስም በኃላፊ ጊዜ «አይ ጎት ቱ ኮምቦልቻ» ይላል፤ ይህኛው መድረስ ነው።

ያስጨነቀኝ ሌላ ሰው ሥራ ሲሠራልን የምንጠቀምበት አገባብ ነው። «ፀጉሬን ተቆረጥኩ» ለማለት ብዙዎቻችን «አይ ከት ማይ ሄር» እንላለን፤ ሰሚው ግን መቀሱን የያዝነው እኛው እንደሆንን ሊረዳ ይችላል። «አይ ጎት ማይ ሄር ከት» ስንል ግን ቆራጩ ሌላ ሰው መሆኑ ይታወቃል። መፍትሔውን ያገኘሁት በራሳችን ሰዋስው ውስጥ ነው። «ጠገነ» ከሚለው ግስ «አስጠገነ» የሚለውን የምናወጣበት «አስ»፣ እዚህ ላይ የ«ጌት»ን ሥራ ይሠራል። ፒያሳ ስልኬን ካስጠገንኩ «አይ ጎት ማይ ፎን ሪፔርድ» እላለሁ፤ ዕቃው መሃል ይገባል፣ ግሱም በፓስት ፓርቲሲፕል፣ ማለትም እንደ «ሪፔርድ» ባለው ሦስተኛ ቅርጹ ይከተላል። ጠጋኙን መጥቀስ ከፈለግሁ «አይ ጎት ሂም ቱ ሪፔር ኢት» እላለሁ፣ «ቱ» ፈጽሞ አይቀርም። «አይ ሜድ ሂም ሪፔር ኢት» ስንል ግን «ቱ» ይጠፋል፣ ትርጉሙም ወደ ማስገደድ ያደላል። በ«ጌት» ውስጥ ያለው ማግባባትና ማሳመን ነው፤ የእኛ «አስ» ይህን ልዩነት ብቻውን ስለማይነግረን፣ ስንናገር ማሰብ ያለብን እዚህ ላይ ነው።

የትርጉም ዝርዝር መሸምደድን አጥብቄ እቃወማለሁ። የ«ጌት» ትርጉም የሚታወቀው ከኋላው በሚመጣው ቃል ስለሆነ፣ ሙሉ ዐረፍተ ነገር የሚሰጥ ከእንግሊዝኛ ወደ እንግሊዝኛ የሚፈታ የተማሪ መዝገበ ቃላት ይበልጣል። ከዚያ ባገኘሁት አገባብ የራሴን የዕለት ውሎ በደብተር እጽፋለሁ። አሜሪካኖች «ሃዝ ጎተን» የሚሉትን እንግሊዞች አብዛኛውን ጊዜ «ሃዝ ጎት» ስለሚሉት፣ አንዱን መርጦ በእሱ መጽናት ይሻላል።

«ጌት» ከሌሎች ትንንሽ ቃላት ጋር ተጣምሮ አዲስ ትርጉም የሚይዝባቸው «ጌት ኦቨር»፣ «ጌት ባይ» እና «ጌት አዌይ ዊዝ» ገና አልለመዱልኝም። ለእነዚህ እስካሁን ዘዴ ስላላገኘሁ፣ ከንባብ ያገኘሁትን ዐረፍተ ነገር እንዳለ እየገለበጥኩ ነው።