አርብ ማታ፣ ስድስት ፍሬ

ዛሬ አርብ ነው። እራት በልተን ልጆቹ ከተኙ በኋላ ቁም ሳጥኑ ላይ ያለውን ብልቃጥ አወረድኩ። ስድስት ፍሬ ሜቶትሬክሴት፣ የመገጣጠሚያ በሽታዬ መድኃኒት። አንዷ 2.5 ሚሊ ግራም ናት፤ በድምሩ 15። መዳፌ ላይ ሳደርጋቸው ትንንሽ ቢጫ ነገሮች ናቸው፣ ከምስር ብዙም አይበልጡም። ሦስት ዓመት ሊሆነኝ ነው፤ አሁንም ሁለት ጊዜ ሳልቆጥር አልውጥም።

ነገሩ የጀመረው በጠመኔ ነው። ጠዋት በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ጠመኔው ከእጄ እያመለጠ ይወድቅ ጀመር። ልጆቹ «ቲቸር፣ ወደቀ» እያሉ ያነሱልኛል። ጣቶቼ እስከ ረፍት ሰዓት ድረስ አይታጠፉልኝም ነበር። ቤት ውስጥ «ብርድ ነው» ተባለ። እማዬ ማታ ማታ ቅቤ አሙቃ አሸችኝ፤ ጠበልም ሄድኩ። ከፋርማሲ ዲክሎፌናክ የሚባል ማስታገሻ እየገዛሁ ስምንት ወር ቆየሁ፤ ቁርጥማቱ ለጊዜው ይበርድና ጨጓራዬ ይቃጠላል። በመጨረሻ አንድ ሐኪም ሁለቱንም እጆቼን ጎን ለጎን አስዘርግቶ አየና «ጠዋት ለስንት ሰዓት ነው የሚደርቅብሽ?» አለኝ። ከዚያ በፊት ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። የደም ምርመራው ሲመጣ ስሙን ነገረኝ፦ ሩማቶይድ አርትራይተስ። የገዛ ሰውነቴ መከላከያ መገጣጠሚያዬን እንደ ጠላት ይወጋዋል ማለት ነው። ከወንድ ይልቅ ሴት ላይ ይበዛል አለኝ።

ያን ቀን መድኃኒቱ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ እንደሚወሰድ ነግሮኛል። እኔ ግን ከድንጋጤዬ የተነሳ ግማሹን አልሰማሁትም። የገዛሁበት ፋርማሲ የወረቀት ከረጢቱ ላይ «4×1» ብሎ ጻፈበት፤ ሌላ ቃል የለም። እኔም ከረጢቱን አምኜ በየቀኑ አራት አራት ዋጥኩ። ሦስት ቀን። በአራተኛው ቀን አፌ ውስጥ ቆስሎ ምራቄን መዋጥ አቃተኝ። ለአፌ የሚቀባ ልገዛ ሌላ ፋርማሲ ገባሁ። ልጅቷ «ሌላ የምትወስጂው መድኃኒት አለ?» አለችኝ፤ ከረጢቱን ከቦርሳዬ አውጥቼ አሳየኋት። ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁ። «እህቴ፣ ይሄን ስንት ቀን ወሰድሽው? አሁኑኑ ሐኪም ቤት ሂጂ፤ እንዳታድሪ» አለችኝ። ለብዙ ቀን ቢቀጥል መቅኔዬን አዳክሞ ሊገድለኝ ይችል እንደነበር ያወቅኩት እዚያ ተኝቼ ነው። ያቺን ልጅ እስከ ዛሬ በጸሎቴ አነሳታለሁ። «በሳምንት አንድ ቀን» የሚል ሦስት ቃል ለመጻፍ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? አሁንም ሳስበው ያናድደኛል።

ከሐኪም ቤት ስወጣ ስልኬ ላይ ስለ መድኃኒቱ አነበብኩ። መጀመሪያ ያገኘሁት «የካንሰር መድኃኒት» የሚል ነው። ባለቤቴ «ካንሰር ይዞሽ ነው የደበቁሽ?» ብሎ ሌሊቱን ሙሉ ሳይተኛ አደረ። በዚያው ተውኩት፤ ለሐኪሙም አልነገርኩትም። አራት ወር። የቀኝ እጄ ትንሿ ጣት ወደ ውጭ የዞረችው በነዚያ ወራት ነው። እሷ እስከ ዛሬ አልተመለሰችም።

ስመለስ ሐኪሙ አልተቆጣኝም። ወንበሩን አስጠግቶ አስረዳኝ። ለካንሰር ሲሆን በደም ሥር የሚሰጠው አንዳንዴ በግራም የሚለካ ነው፤ ለእኛ በሳምንት ጥቂት ሚሊ ግራም። በብዛት ሲሰጥ በፍጥነት የሚባዛውን ሴል ፎሌት የሚባለውን ቫይታሚን እንዳይጠቀም ከልክሎ ይገድላል፤ በትንሹ ሲሰጥ ደግሞ ያበጠውን፣ የተቆጣውን ያበርዳል። አሜሪካ ለዚህ በሽታ የፈቀደችው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። ስሙ አንድ ነው፣ ሥራው ግን ሌላ። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ቢኖር ጣቴ ትተርፍ ነበር ብዬ አስባለሁ።

ቶሎ አይሠራም። እስኪጀምር ድረስ ፕሬድኒሶሎን በሚባል እብጠት አብራጅ፣ በ5 ሚሊ ግራም ነው ያቆየኝ። ሁለት ወር አልፎ በአሥረኛው ሳምንት ግድም አንድ እሑድ ጀበናውን በአንድ እጄ አንስቼ ቀዳሁ። ስኒዎቹ ሞልተው ካለቁ በኋላ ነው ያስተዋልኩት። እማዬ አይታ ዝም አለች፤ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች።

ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ይከብደኛል። ያቅለሸልሸኛል፤ ቡና ሲቆላ ሽታውን አልችለውም። ቡና ለምወድ ሰው ይህ ቀላል አይደለም። ፀጉሬም ሳስቷል። በየሦስት ወሩ ለጉበትና ለደም ምርመራ ላብራቶሪ እሰለፋለሁ። ጠላም ጠጅም ትቻለሁ። አምና ሽንቴን ሲያቃጥለኝ ባክትሪም የሚባል አንቲባዮቲክ ሊሰጡኝ ነበር፤ ሜቶትሬክሴት እንደምወስድ ስናገር ለወጡልኝ። ሁለቱ አንድ ላይ ደም ይጎዳሉ።

ባለፈው ወር አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ጣቶቿን እያሻሸች «ካንቺው ትንሽ አካፍዪኝ» አለችኝ። ያገባችው በቅርቡ ነው፤ ልጅ እንደምትፈልግ አውቃለሁ። ይህ መድኃኒት ፅንስ ይጎዳል፤ ለማርገዝ የምታስብ ሴት ከሐኪም ጋር ተማክራ ከወራት በፊት ማቆም አለባት። ምን እንደሚያማት እንኳ ገና አልታወቀም። አልሰጥሽም፣ ይልቅ አብሬሽ ልሂድና ተመርመሪ አልኳት። ተቀየመችኝ። እስካሁን በሙሉ ፊት ሰላም አትለኝም። ሰኞ ደግሜ እጠይቃታለሁ።

ሰኞ የፎሊክ አሲድ ቀኔም ነው፤ የሜቶትሬክሴትን ጉዳት እንዲቀንስልኝ የምወስደው ቫይታሚን ነው። እሱም ትንሽ፣ ቢጫ፣ ክብ ነው፤ ከሩቅ ሁለቱን የሚለይ የለም። እማዬ ፊደል አልቆጠረችም፤ እንዳይምታታብኝ ብላ የሜቶትሬክሴቱ ብልቃጥ አንገት ላይ ቀይ ክር አስራበታለች። ክሩ ሲያረጅ ራሷ ትቀይረዋለች።

አሁን ውኃውን ሳነሳ ከጓዳ ሰማችኝ።

«ቆጠርሽ?»

«ሁለቴ ቆጠርኩ፣ እማዬ።»