ስራዬ ራሱ ይናገራል ብዬ አራት አመት ጠበቅኩ

አራት አመት ሙሉ አንገቴን ደፍቼ ሰራሁ፣ ጠዋት ቀድሜ እገባለሁ ማታ መጨረሻ የምወጣው እኔ ነኝ፣ በቃ ስራዬ ይመሰክርልኛል ብዬ። ከዛ ፕሮሞሽን መጣና ለሌላ ሰው ተሰጠ። ማናጀሬ ጋ ገብቼ ስጠይቀው ያለኝ ነገር እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ፣ «ጎበዝ እንደሆንክ እኔ አውቃለሁ፣ ስብሰባው ላይ ስምህን ሳነሳ ግን ሌሎቹ ምን እንደምትሰራ እንኳን አያውቁም» አለኝ። በጣም ነው የከፋኝ፣ ቆይቼ ሳስበው ግን እውነቱን ነው፣ ለማን ተናግሬ ያውቃሉ።

ፐርሰናል ብራንድ ሲባል ጉራ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፣ እኔም እንደዛ ነበር የማስበው። አሁን ግን የሚገባኝ እንዲህ ነው፣ እኔ በሌለሁበት ስሜ ሲነሳ ሰዎች በአንድ አረፍተ ነገር ምን ይላሉ? ምንም የሚሉት ከሌለ ጎበዝ መሆኔ እዛ ክፍል ውስጥ አይገባም።

ከዛ ቀን ጀምሮ አርብ አርብ ከመውጣቴ በፊት አስራ አምስት ደቂቃ ቁጭ ብዬ እጽፋለሁ፣ ችግሩ ምን ነበር፣ ምን አደረግኩ፣ ምን ተለወጠ። መጀመሪያ «የወር ሂሳብ መዝጊያ ሪፖርት ሰራሁ» ብዬ ነበር የምጽፈው፣ ይሄ ለማንም ምንም አይነግርም። አሁን «ሶስት ቀን ይፈጅ የነበረው የወር መዝጊያ በግማሽ ቀን እንዲያልቅ ኤክሴሉን እንደ አዲስ ሰራሁት» ነው የምለው፣ አብሮኝ የሰራ ሰው ካለም ስሙን እጠራለሁ፣ የሰው ድካም የራስ አስመስሎ ማውራት ያስጠላኛል። ከነዚህ ውስጥ የመስሪያ ቤቱን ሚስጥርና ቁጥር የማይነካውን መርጬ ሊንክድኢን የሚባለው ሰው በስራ ጉዳይ የሚገናኝበት ድረ ገጽ ላይ ፖስት ማድረግ ጀመርኩ። ከስሜ ስር ያለውንም መስመር ቀየርኩት፣ «ፋይናንስ ኦፊሰር» ብቻ ነበር የሚለው፣ እንደሱ የሚል ስንት ሺህ ሰው አለ፣ እስከ 220 ፊደል ድረስ መጻፍ እየተቻለ ማለት ነው። ሰው ፕሮፋይላችሁን ሳይከፍት ሰርች ላይም ኮመንት ላይም የሚያየው እሷን መስመር ስለሆነ ጊዜ ስጧት።

ለማን ነው የምጽፈው የሚለው ላይ ደግሞ ማርክ ግራኖቬተር የሚባል አሜሪካዊ ሶሲዮሎጂስት እ.ኤ.አ በ1973 ያወጣው ጥናት አይኔን ከፍቶልኛል። ቦስተን አጠገብ በሰው በኩል ስራ ያገኙ ሰዎችን ያ ሰው ጋ ምን ያህል ትገናኙ ነበር ብሎ ጠየቀ፣ ብዙ ጊዜ እንገናኛለን ያሉት ከመቶ 17 አካባቢ ብቻ ናቸው፣ ሌሎቹ አልፎ አልፎ ወይ ከስንት አንዴ ነው ያሉት። ምክንያቱ ግልጽ ነው፣ የቅርብ ጓደኞቻችን የሚሰሙት እኛው የምንሰማውን ነው፣ አዲስ ወሬ ያለው ራቅ ያለው ሰው ጋ ነው፣ እሱ ደግሞ ካልነገርነው ምን እንደምንችል በምን ያውቃል?

እኔም ላይ የደረሰው ይሄው ነው። ድሮ አንድ ስልጠና ላይ ሁለት ቀን ብቻ አብራኝ የተቀመጠች ልጅ ኢንቦክስ ላከችልኝ፣ «ስለ ወር መዝጊያ የጻፍከው አንተ ነህ አይደል? እኛ ጋ በጣም እያስቸገረን ነው፣ አለቃዬን ላገናኝህ?» ሁለት ወር ሳይሞላ እዛ ገባሁ፣ ሲቪ የጠየቁኝም ከተስማማን በኋላ ነው።