ከኋላችን ለነበረው

እንኳን አደረሳችሁ ወዳጆቼ! እንኳን ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ በሰላም በጤና አሸጋገራችሁ። በግ የጣላችሁም፣ ዶሮ ያገኛችሁም፣ ሽሮ የሠራችሁም፣ ስደት ላይ ሆናችሁ የእናታችሁን ቡና በቪዲዮ ኮል ያያችሁም፣ 2018 ለሁላችሁም የደስታ ይሁንላችሁ። እኛ ሰፈር ሌሊቱን ሲያወርደው አድሮ ንጋት ላይ አባርቷል፣ የጎረቤት ልጆች ገና ሳይነጋ አደያቸውን ይዘው በር ላይ ነበሩ፣ ቤቱ ቄጠማ ቄጠማ ይሸታል፣ ደስ ይላል።

በየዓመቱ እንቁጣጣሽ ላይ አንድ ፎቶ እንደምለጥፍ የምታውቁ ታውቃላችሁ፣ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ሳይክሎቻችንን አደይ አበባው መሀል አጋድመን የምንነሳውን። ዘንድሮም ልለጥፍ ብዬ ትናንት ማታ ስልኬን ስበረብር አመሸሁ፣ የአንድ የሳይክል ቡድናችንን ጓደኛ ፎቶ ፍለጋ ማለት ነው። የለም። የስድስት ዓመት የእሁድ ፎቶ አለኝ፣ ከመቶ በላይ ነው፣ ሁሉም ላይ የሚታየው የኛ ጀርባ ነው፣ ዳገት ላይ የጎበጠ ጀርባ፣ ዝናብ የመታው ጀርባ፣ ጭቃ የተረጨበት ጀርባ። ያነሳቸው እሱ ነዋ፣ ሁሌ ከኋላችን ስለነበረ።

ስሙን አልጽፍም። እናቱ "ልጄን ፌስቡክ ላይ እንዳታወጡብኝ" ብለውናል፣ እሺ ብለናል። ለማታውቁት፣ እኛ ጋ ቡድኑ ሲወጣ መጨረሻ ላይ የሚነዳው ሰው ጭራ ይባላል። ጎማ የፈነዳበት፣ ጉልበቱ የከዳው፣ ሰንሰለቱ የተበጠሰበት ሁሉ ጭራው ጋ ይደርሳል፣ ጭራው ሰው ጥሎ አይሄድም። ደንቡ በየተራ ነው፣ ግን እሱ ተራውን ለማንም ሰጥቶ አያውቅም።

እኔ መጀመሪያ ቀን ከነሱ ጋር ስወጣ ሳይክሉም የውሰት ነበር፣ ማርሽ መቀየር ራሱ በቅጡ አላውቅም። ከአዲሱ ገበያ ወደ እንጦጦ ኬላ ያለውን ዳገት የምታውቁ ትረዱኛላችሁ፣ አየሩ ሳስቶ ሳንባ የሚያቃጥልበትን። ሌሎቹ ሄደው ከዓይኔ ጠፍተዋል፣ መኪናው በጎኔ ይምዘገዘጋል፣ ወርጄ መግፋት ጀመርኩና ልመለስ ነው ስል አንድ እጅ ጀርባዬ ላይ አረፈ። "አይዞሽ፣ አትቸኩዪ፣ ከኋላሽ አለሁ" አለኝ። ከዚያ ሌላ ምንም አላለም። ኬላው ጋ እስክንደርስ ድረስ እሱ የሚነዳው በኔ ፍጥነት ነው፣ ያን ያህል በዝግታ እየነዱ ሚዛን መጠበቅ ምን ያህል እንደሚከብድ የገባኝ በኋላ ነው።

ፋሲካ ካለፈ በሁለተኛው እሁድ፣ ሚያዝያ 26፣ እንደወትሮው ጠዋት 12 ሰዓት ተነሳን። ቁልቁለቱን ወርደን ሜዳው ላይ እንደደረስን አንድ የጭነት መኪና ሌላ መኪና ልቅደም ብሎ ወጣና ሲመለስ ጭራችንን አገኘው። እኔ ከፊት ነበርኩ፣ ድምፁን ብቻ ነው የሰማሁት፣ ስለሱ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ልነግራችሁ የምፈልገው ስለ ወረቀቱ ነው። ኮርቻው ስር ትንሽ ቦርሳ ነበረችው፣ ስንከፍታት ሁለት የጎማ ልጣፊ፣ ሙጫ፣ በፌስታል የተቋጠረ ቆሎ፣ አንድ ፊሽካ፣ እና አራት ቦታ የታጠፈ፣ ውሃ እንዳይገባው በፕላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት ወጣ። በሰማያዊ እስኪርቢቶ የሁላችንም ስም ተጽፎበታል፣ ከያንዳንዳችን ስም ጎን የቤተሰብ ስልክ፣ የደም ዓይነት፣ የኔ ጎን ደግሞ "ፔንሲሊን አይስማማትም" ይላል። መቼ እንደነገርኩት አላስታውስም። አስራ አራት ሰው ነው ያለው። የሱ የለም። ለኛ የሚደውለው እሱ ስለሆነ ራሱን አልጻፈም። ስልኩ ተሰብሯል፣ እኛ ስድስት ዓመት አብረነው ስንነዳ የእናቱን ስልክ አንዳችንም አልያዝንም። ሰፈራቸውን የሚያውቅ ልጅ በታክሲ ሄዶ በር አንኳኩቶ ነው የነገራቸው፣ እስከዚያ ድረስ እናት ከቤተክርስቲያን ተመልሰው ቁርሱን ከድነው እየጠበቁት ነበር። ይሄ ነገር እስከዛሬ እንቅልፍ ይነሳኛል።

ያን ቀን ጃኬቱን አውልቆ አንገቱ ስር ያደረገለት የባጃጅ ሹፌር፣ ስምህን እንኳ ሳንጠይቅህ ሄድክ፣ ይህን የምታይ ከሆነ ጃኬትህ ታጥቦ ተተኩሶ እኔ ቤት ተሰቅሏል፣ እባክህ ናልን። ሆስፒታል በር ላይ ካርድ አውጡ ምናምን ሳትል አልጋውን ራሷ እየገፋች የሮጠችው ነርስ እህታችን፣ መጨረሻ ላይም መጥታ መሬት ላይ ከኛ ጋር የተቀመጠችው፣ እግዚአብሔር ውለታሽን ይክፈልልን፣ እንቁጣጣሽሽ ያማረ ይሁን።

ለቅሶው ላይ የተሰበሰበውን ሰው ብታዩ። ከቢሾፍቱ በሳይክል የመጡ አሉ፣ ከሀዋሳ ሌሊቱን በመኪና ተጉዘው የደረሱ አሉ፣ ሄልሜታችንን ድንኳኑ ጥግ ደርድረን ስንቀመጥ የዕድሩ እናቶች "እነዚህ ሁሉ የማን ልጆች ናቸው?" እያሉ ይጠያየቁ ነበር። በሦስተኛው ቀን የመቀሌ ልጆች ገቡ። እነሱ ሲገቡ ነው እናቱ ልጃቸው ማን እንደነበረ አዲስ የሰሙት፣ ምክንያቱም ከጦርነቱ በኋላ ታህሳስ 2015 የመቀሌ በረራ ሲከፈት ከኛ ከየቤታችን ጎማና ሰንሰለት፣ ያገለገለ ጫማ ሳይቀር ለቅሞ በሻንጣ የላከላቸው እሱ ነው። ለኛም ይሄን ያህል አላወራልንም፣ "ትርፍ ካላችሁ አምጡ" ብቻ ነው ያለው። አንደኛው ልጅ በዚያ ጎማ እስካሁን እንደሚለማመድ ለእናቱ ሲነግራቸው አንገቱን አቅፈው ለረጅም ጊዜ አለቀቁትም።

የጭነት መኪናው ሹፌር አባት ሽማግሌ ይዘው የመጡ ዕለት ሁላችንም ተቆጥተን ነበር፣ እውነቱን ነው የምናገረው፣ እኔም ተቆጥቼ ነበር። እናቱ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፣ "ልጅዎ ጥሎት ሸሸ?" አሉ። አልሸሸም፣ ቆሟል፣ ሲነሳም እግሩን የያዘው እሱ ነው። "እንግዲያው ይግቡ" አሉ። በቃ ገቡ፣ ተቀመጡ፣ አብረው አለቀሱ። ጉዳዩ በሕግ ተይዟል፣ በዚያ በኩል ያለውን ለሚመለከተው እተዋለሁ።

ድሮ ከኛ ጋር ይነዳ የነበረ አሁን ቨርጂኒያ ያለ ወንድማችን ግንቦት 13 በዝምታው ጉዞ ላይ ስሙን ክንዱ ላይ አስሮ ነዳ። ይሄ ጉዞ በ2003 እ.ኤ.አ. ዳላስ ላይ የተጀመረ ነው፣ በየዓመቱ በፈረንጆቹ ሜይ ሦስተኛው ረቡዕ በብዙ አገር መንገድ ላይ የሞቱ ብስክሌተኞችን ለማሰብ ይወጣሉ፣ ማንም አያወራም፣ በሰዓት ከ19 ኪሎ ሜትር በላይ አይነዳም፣ ክንድ ላይ ጥቁር ይታሰራል። ቪዲዮውን ሲልክልን ከጎማው ድምፅ ሌላ ምንም አይሰማም፣ ሁላችንም እየደጋገምን አየነው። እሱ ነው እዚያ አገር ሰው የሞተበት ቦታ ላይ ሳይክል ነጭ ቀለም ተቀብቶ ከፖል ጋር እንደሚታሰር የነገረን። እኛም እናድርገው ብለን ተስማማን፣ ቀለሙ ሁሉ ተገዛ፣ እናቱን ልናስፈቅድ ሄድን።

ረጋ ብለው ሰሙንና "ቆሞ ከሚዝግማ ይሂድ" አሉ።

ለእህቱ ልጅ ይሰጥ አሉ፣ አስራ አምስት ዓመቱ ነው፣ ረጅምና ዝምተኛ ልጅ። ሳይክሉን ለሰፈራችን ሳይክል ሠሪ ለጋሼ ወሰድንላቸው፣ የፊት ቸርኬው ታጥፏል፣ ራጂው፣ የቸርኬው ሽቦ ማለት ነው፣ ግማሹ ተነቅሏል፣ የፊት ፍሬኑ የለም። ጋሼ ሦስት ሳምንት ያዙት። ስንት ነው ስንላቸው መነጽራቸውን አውልቀው ዝም ብለው አዩን፣ ሁለተኛ አልጠየቅናቸውም። ልጁ ሲረከብ ጋሼ ኮርቻውን ለሱ ቁመት ዝቅ አደረጉለት፣ ግን ኮርቻው የቆመበት ብረት ላይ የአጎቱ ልክ የነበረበትን ቦታ በነጭ ፕላስተር ጠቅልለው ምልክት አድርገውበታል። ከልጁ ልክ አራት ጣት ከፍ ይላል። "ስትደርስበት ና፣ እኔ ከፍ አደርግልሃለሁ" አሉት። ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን፣ ስልክ የሚያነብልዎ ልጅዎ ይሄን ያንብብልዎ።

አርባው ሐሙስ ሰኔ 5 ወጣ፣ እኛ እሁዱን ሰኔ 8 ሱሉልታ ድረስ ነዳን፣ ልጁም መጣ። ያን ቀን ጭራ ማንም አልሆነም፣ ቦታውን ባዶ ተውነው።

ዕቁባችን ውስጥም ነበረበት። የሱን ሳምንታዊ ለአስራ አራት ተካፍለን እስከ ሐምሌ ከፈልን፣ ሐምሌ ላይ ዕጣ የወጣላት እህታችን ሳትነካው "የሱ ነው" ብላ ለቀቀች፣ ብሩ ሙሉውን ለእናቱ ሄደ። ስሟን ብጠራት ትጣላኛለች፣ ራሷን ታውቃለች፣ ተባረኪ።

ያ ዕቁብ ለኪጋሊ ነበር። የዓለም የመንገድ ብስክሌት ሻምፒዮና መስከረም 11 ኪጋሊ ላይ ይጀመራል፣ አፍሪካ ምድር ላይ ሲካሄድ የመጀመሪያው ነው፣ እና እሱ ሦስት ዓመት ሙሉ ስለሱ ብቻ ነው ያወራው። ቡና ላይ ከተቀመጥን ወሬው ይሄ ነው፣ "ኢትዮጵያ በ1956 እ.ኤ.አ. ሜልቦርን የመጀመሪያ ኦሎምፒኳን ስትሄድ በሁለት ስፖርት ነው የሄደችው፣ በአትሌቲክስና በሳይክል፣ አስራ ሁለት ሰው ይዛ፣ እነ ገረመው ደንቦባን ይዛ" ይላል፣ አዲስ ሰው ከመጣ ደግሞ እንደገና ይጀምራል። በ2016 እ.ኤ.አ. ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስን የነዳ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን ሰዓቱ የአውሮፓ ዋንጫ ነበር፣ እሱ ዲኤስቲቪ ቤቱን ለምኖ፣ ለቤቱ ሁሉ ለስላሳ ጋብዞ ቻናሉን አስቀየረ፣ መቶ ዘጠና ምናምን ሰው መሀል ጽጋቡን ባየ ቁጥር ተነስቶ ይጮህ ነበር አሉ። በ2024 እ.ኤ.አ. ኤርትራዊው ቢኒያም ግርማይ እዚያው ቱር ላይ ሦስት ጊዜ አሸንፎ አረንጓዴውን፣ የነጥብ አንደኛውን ማሊያ ሲወስድማ ድምፁ ተዘግቶ ሳምንት ሙሉ በምልክት ነው ያወራን። የወንዶቹ ዋና ውድድር የመስቀል ማግስት ነው፣ መስከረም 18፣ 267.5 ኪሎ ሜትር፣ ዳገት በዳገት። ኪጋሊ መሄድ ባንችልም እናቱ "እኔ ቤት ኑና እዩ፣ ልጄ ምን ሲያይ እንደዚያ እንደሚሆን ልየው" ብለውናል። ዲሹን የሚያስተካክል ሰው አለ?

እንግዲህ ምኞቴን ልጨርስ። መኪና የምትነዱ ወዳጆቼ፣ እንቁጣጣሻችሁ የተባረከ ይሁን፣ አንድ ነገር ግን እለምናችኋለሁ። ከተማ ውስጥ በኮሪደሩ የሳይክል መንገድ ተሠርቷል፣ ልጆች ሲነዱበት ሳይ ደስታዬ ወደር የለውም፣ እሱም አይቶት ነበር፣ እባካችሁ መኪና አታቁሙበት። ከከተማ ስንወጣ ግን ያለችን ነጩ መስመር ዳር ያለች አንድ ስንዝር አስፋልት ናት። ስትቀድሙን አንድ ሜትር ተኩል ራቁልን፣ መቅደም ካልቻላችሁ ደግሞ ትንሽ ታገሱን፣ ዳገቱ እስኪያልቅ ነው። እያንዳንዳችን ቁርስ ከድኖ የሚጠብቀን ሰው አለን።

ሳይክል የምትነዱ ደግሞ፣ የትም ከተማ ሁኑ፣ ዛሬ ቡናው እስኪፈላ ወረቀት አምጡና የራሳችሁን ስም፣ የቤት ስልክ፣ የደም ዓይነት ጽፋችሁ ኮርቻችሁ ስር አድርጉ። ከዚያ አብሯችሁ ከኋላ ለሚነዳው ሰው ደውሉና የሱን ጠይቁት። ዛሬውኑ፣ እባካችሁ። ዱባይ ያለሽው እህታችን፣ የላክሻቸው አንጸባራቂ ጃኬቶች ደርሰዋል፣ ሁላችንም ለብሰናቸዋል፣ አንዱ ለልጁ ሰፍቶት እናቱ በእጃቸው አጥብበውለታል።

እሁድ መስከረም 4 እንወጣለን፣ 12 ሰዓት፣ አዲሱ ገበያ። አዲስ ሰው ካለ ይምጣ፣ ሳይክል የሌለው ይደውልልኝና እንፈልጋለን። ፊሽካውን እናቱ ለኔ ሰጥተውኛል፣ ጭራ እኔ ነኝ። ወረቀቱም እኔ ጋ ነው፣ አስራ አምስተኛው መስመር ላይ የልጁን ስም፣ ቀጥሎ የአያቱን ስልክ ጽፌያለሁ።