ከነት እስከ ብሪጅ፦ የመጀመሪያውን ኤሌክትሪክ ጊታር ስትሠሩ

ኤሌክትሪክ ጊታር በእጁ ለመሥራት የሚነሳ ሰው ጊዜውን የሚፈጀው እንጨትና ፒካፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረውን ክፍል) ሲመርጥ ነው። ጊታሩን ከቅኝት የሚያወጣው ግን ሁለት ሚሊ ሜትር የሳተ ልኬት ነው።

ለጀማሪ ቴሌካስተር የተባለው ሞዴል ይሻላል፤ የፌንደር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1951 በዚህ ስም ያወጣው ማለት ነው። ገላው ጠፍጣፋ፣ አንገቱ በአራት ብሎን የሚታሰር በመሆኑ ከተሳሳታችሁ ይፈታል። ለገላው 45 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይበቃል። ዋንዛ ቀላልና ለመሣሪያ የሚታዘዝ ነው፤ በደንብ ይድረቅ ብቻ። ወይራ ለገላ ይከብዳል፤ ለፍሬትቦርድ፣ ማለትም ፍሬቶቹ (ቀጫጭኖቹ የብረት ዘንጎች) ለሚሰኩበት የአንገቱ ፊት፣ ግን ጥንካሬው ይጠቅማል።

ከነት፣ ማለትም ክሮቹ አንገቱ ጫፍ ላይ ከሚያርፉባት ትንሽ አጥንት፣ እስከ ብሪጅ፣ ማለትም ክሮቹ ገላው ላይ እስከሚያርፉበት ብረት፣ ያለው ርዝመት 648 ሚሊ ሜትር ነው። ለ17.817 ስታካፍሉት 36.37 ይመጣል፤ የመጀመሪያው ፍሬት እዚያ ነው። የቀረውን ርዝመት መልሳችሁ ለዚያው ቁጥር አካፍሉ፤ ሁለተኛው ከነት 70.70 ላይ፣ 12ኛው ደግሞ ልክ ግማሹ ላይ፣ 324 ላይ ያርፋል። ስሌቱ ተያይዞ ይሂድ እንጂ ምልክቱን ከፍሬት ወደ ፍሬት እየለካችሁ አታድርጉ። በየአንዳንዱ 0.2 ብትስቱ 12ኛው ላይ 2.4 ሆኖ ይጠብቃችኋል። የብረት ማስመሪያውን ነቱ ጋ አስራችሁ ሁሉንም ከዚያው ለኩ።

የፍሬቱ ስንጥቅ 0.6 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። ተራ መጋዝ ከዚህ በላይ ይከፍታል፤ ያን ጊዜ ፍሬቱ አይነክስም፣ ጫፉም ይነሳል። ፍሬትቦርዱ ወደ ነቱ እየጠበበ እንዲሄድ ከመቅረጻችሁ በፊት መጋዙን ጨርሱ፤ ጎኖቹ ትይዩ ካልሆኑ ማዕዘን መለኪያው የሚደገፍበት ያጣል።

የአንገቱ ኪስ 16 ሚሊ ሜትር ይጠልቃል። ከኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ጣውላ) በተሠራ ቅርጽ እየተመራችሁ ራውተሩን (እየተሽከረከረ እንጨት የሚቦረቡረውን ማሽን) በአንድ ዙር ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ብቻ አውርዱ። ለመቸኮል ከሞከራችሁ እንጨቱ ይሰነጠቃል ወይም ይቃጠላል። ብሎን ሳታስገቡ አንገቱን ይዛችሁ ስታነሱት ገላው ካልወደቀ ኪሱ ልክ ነው። ከላላ ክሮቹ ወደ አንድ ጠርዝ ይሸሻሉ፤ ጎኑ ላይ ስስ እንጨት በኮላ ለጥፋችሁ እንደገና ቅረጹት እንጂ በብሎን አታስገድዱት።

ብሪጁን አንገቱ ከገባ በኋላ ብቻ ብሱ። (ቀድሞ መብሳት የተለመደው ስህተት ነው።) በነቱ ሁለት ዳር ክር ወጥራችሁ ከፍሬትቦርዱ ጠርዞች እኩል መራቁን እዩ። የቀጭኑ ክር መቀመጫ (ብሪጁ ላይ ክሩ የሚያርፍባት ተንቀሳቃሽ ብረት) ወደ ፊት ተገፍቶ 648 ላይ ይሁን፤ ወደ ኋላ የሚሄድበት ቦታ ይቅርለት። ክር ሲጫኑት ስለሚወጠር ድምፁ ከፍ ይላል። ያን ለማካካስ ቀጭኑ ወደ 2፣ ወፍራሙ ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ይሄዳል።

ለነጠላ ጥቅል ፒካፕ 250 ኪሎ ኦም፣ ለሃምባከር (ባለ ሁለት ጥቅል ፒካፕ) 500 ኪሎ ኦም ፖቴንሽዮሜትር (የድምፅ መቆጣጠሪያው ቁልፍ የሚያዞረው ክፍል) ግዙ። ከፖቴንሽዮሜትሩ ጀርባ ወደ ብሪጁ አንድ ሽቦ በስታኞ መበየድ አትርሱ። ክሩን ስትነኩ ጉምጉምታው ካልቀነሰ፣ የሶኬቱን ብረት ስትነኩ ግን ከቀነሰ፣ የተቋረጠው ያ ሽቦ ነው።

በመጨረሻ አዲስ ክር አስገቡ፤ አሮጌ ክር ልኬትን ያሳስታል። ትራስ ሮዱን (አንገቱ ውስጥ ያለውን የቅስተት ማስተካከያ ብረት) በሩብ ዙር እያዞራችሁ 7ኛው ፍሬት አካባቢ 0.25 ሚሊ ሜትር ክፍተት ተዉ፣ 12ኛው ላይ ክሩን 1.6 ላይ አንሱ። የ12ኛው ፍሬት ድምፅ እዚያው በስሱ ነክታችሁ ከምታወጡት ሃርሞኒክ ከፍ ካለ መቀመጫውን ወደ ኋላ፣ ዝቅ ካለ ወደ ፊት በካቻቢቴ አዙሩት።