ተፎካካሪን አይቶ የራስን ጌም መምራት፦ የሁለተኛው ክፍል የሥራ ማስታወሻ

ድሬዳዋ ውስጥ ደቻቱ አሸዋ ላይ አራት ለአራት የሚጫወቱበትን፣ ግቡ ሁለት ድንጋይ የሆነውን የሰፈር ኳስ ጌሜን ከዚህ ቀደም ያወረዳችሁ ወዳጆች ሁለተኛው ክፍል የት እንደደረሰ በተደጋጋሚ ስለጠየቃችሁኝ፣ ያለበትን ደረጃ በጽሑፍ ላካፍላችሁ ወደድሁ። በዚህ ምዕራፍ ኮድ ከመጻፍ ይልቅ ብዙውን ጊዜዬን የወሰደው፣ ትልልቅ ጌም ሠሪዎች የተፎካካሪዎቻቸውን ሥራ በምን ዓይን እንደሚያዩና የራሳቸውን ተከታታይ ጌም ወዴት እንደሚወስዱ ማጥናት ነው። ወደዚህ የገፋፋኝ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ያለ አንድ የፕሌይስቴሽን ቤት ነው፤ ላፕቶፔን ይዤ ሄጄ ጌሙን ባስሞከርሁ ቁጥር ከልጆቹ የምሰማው «አቦ፣ እንደ ፊፋ አድርገው» ወይም «ፔስን አስመስለው» የሚል ነው (ሁለቱም ታዋቂ የኳስ ጌሞች ናቸው)። አስተያየታቸውን አልንቅም፤ ነገር ግን ፊፋን የሚሠሩት በመቶዎች የሚቆጠሩ ባለሙያዎች ሲሆኑ እኔ ብቻዬን ነኝ፤ ደግሞም ፊፋን የፈለገ ልጅ ፊፋው እዚያው ጎኑ ተከፍቶለታል።

የጀመርሁት ከኳስ ጌሞች ታሪክ ነው። በ1989 እ.ኤ.አ. የወጣው የዲኖ ዲኒ ኪክ ኦፍ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በጊዜው ይዘወተር እንደነበረው ኳሱን ከተጫዋቹ እግር ጋር አላጣበቀውም፤ ተጫዋቹ በድንገት ሲዞር ኳሱ በያዘው አቅጣጫ መሄዱን ይቀጥላል። ይህም ጌሙን ለጀማሪ እጅግ አስቸጋሪ፣ ለለመደው ግን እጅግ ጣፋጭ አድርጎታል። በ1992 ሴንሲብል ሶከርን ያወጡት ሰዎች ደግሞ ሜጋ ሎ ማኒያ ለተባለው ለራሳቸው የስትራቴጂ ጌም የሣሏቸውን ጥቃቅን ሰዎች የኳስ ማሊያ አልብሰው ተነሡ። ሰዎቹ ትንንሽ በመሆናቸው በአንድ ጊዜ ሰፋ ያለ የሜዳ ክፍል ይታያል፤ ስለዚህ ኳስ የምታቀብለው ጓደኛ የት እንደቆመ አስቀድመህ ታያለህ። በ1993 መጨረሻ የመጣው የመጀመሪያው ፊፋ ካሜራውን አዙሮ ሜዳውን በሰያፍ አሳየ፤ መልኩንም ወደ ቴሌቪዥን ስርጭት አቀረበው። ሦስቱን አከታትዬ ስመለከት ያስተዋልሁት፣ እያንዳንዱ ተከታይ የቀዳሚውን መልስ ከመቅዳት ይልቅ ቀዳሚው እንደ ተራ ነገር ያለፈውን ጉዳይ አንሥቶ መሥራቱን ነው።

ከዚህ በኋላ የራሴን ኳስ እንደገና መረመርሁት። በመጀመሪያው ክፍል ኮዱ በእያንዳንዱ ፍሬም (ስክሪኑ ላይ ተከታትለው በሚመጡት ምስሎች በእያንዳንዱ) ኳሱን ከተጫዋቹ እግር ፊት ያስቀምጠዋል፤ ተጫዋቹ ወዴትም ቢዞር ኳሱ አብሮት ይዞራል። አሁን ኳሱ ራሱን የቻለ አካል ሆኗል። ተጫዋቹ ሲራመድ በየእርምጃው ቀስ አድርጎ ይገፋዋል፤ ሲሮጥ ግን ግፊቱ ስለሚጨምር ኳሱ ከእግሩ አንድ እርምጃ ያህል ቀድሞ ይሄዳል፤ ተከላካዩም እግሩን የሚያስገባው በዚያች ክፍተት ነው። አሸዋው ላይ ሰበቃውን ከፍ አድርጌዋለሁ፤ አዲስ በጨመርሁት የከዚራ ሰፈር አስፋልት ላይ ደግሞ ዝቅ አድርጌዋለሁ፤ ስለዚህ አሸዋ ላይ ቶሎ የሚያልቀው ያው ግፊት አስፋልቱ ላይ ኳሱን መንገድ ዳር እስካሉት ዛፎች ሥር ያደርሰዋል። ፕሌይስቴሽን ቤቱ ውስጥ የሞከረው አንድ ልጅ መጀመሪያ «ኳሱ ያመልጣል» ብሎ አጉረመረመ፤ ጥቂት ቆይቶ ግን ማንም ሳያስተምረው ከመዞሩ በፊት የሩጫውን ቁልፍ መልቀቅ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ስለ ፊፋ አላነሣብኝም።

የፊፋና የፔስ ፉክክር ለእኛ አዲስ ወሬ አይደለም፤ ማንቸስተር ዩናይትድን «ማን ሬድ»፣ ቼልሲን «ሎንደን ኤፍሲ» እያልን ያደግነው በፔስ ነው። የብዙዎቹን ክለቦች ስምና ማሊያ የመጠቀም ፈቃድ በፊፋ ጌም ሠሪው በኢኤ እጅ ስለነበር የፔስ ሠሪው ኮናሚ ጨዋታውን ራሱን ማጣፈጥ ነበረበት፤ በፕሌይስቴሽን ቱ ዘመን ብዙ ሰው የውሸት ስሙን ታግሦ ፔስን የመረጠውም ለዚህ ይመስለኛል። በ2021 ኮናሚ የፔስን ስም ጥሎ ጌሙን ኢፉትቦል በሚል ስም በነጻ ሲለቅቅ፣ ሥራው ሳያልቅ በመውጣቱ ክፉኛ ተተቸ። ኢኤም ከዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ፌዴሬሽን ከፊፋ ጋር የነበረው የስም ውል ሲያበቃ በ2023 ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ 24ን አወጣ። ሁለቱም በጥቂት ዓመታት ልዩነት ስማቸውን ለወጡ፤ ነገር ግን አንደኛው ስሙን፣ የሽያጩን መንገድና የጨዋታውን አሠራር በአንድ ጊዜ ሲለውጥ፣ ሌላኛው የውስጡን እንዳለ ይዞ ስሙን ብቻ ለወጠ። በእኔ ግምት የኤፍሲ ሽግግር የቀለለው በዚህ ምክንያት ነው።

ከሁሉ ይበልጥ የመሰጠኝ ግን ኒንቴንዶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የሚሠራው ተከታታይ የጀብዱ ጌም ዜልዳ ነው። የተከታታዩ ፕሮዲውሰር ኤይጂ አዎኑማ በ2013 መጀመሪያ ላይ የዜልዳን ልማዶች እንደገና እንደሚመረምሩ በይፋ ተናግሮ ነበር፤ በምሳሌነት የጠቀሳቸውም የምድር ውስጥ ምሽጎቹን በተወሰነ ቅደም ተከተል ማለፍንና ብቻን መጫወትን ነው። በዚያው ዓመት የወጣው ኤ ሊንክ ቢትዊን ወርልድስ ቅደም ተከተሉን በአመዛኙ ለተጫዋቹ ምርጫ ለቀቀ፤ በ2017 የወጣው ብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድ ደግሞ ይበልጥ ገፋበት። ብቻን መጫወትን ግን በዚያ ጌም አልነኩትም። ሁለቱም ልማዶች ለጥያቄ ቀርበው አንዱ ወድቆ አንዱ መቅረቱ ደስ ይለኛል፤ መመርመር ማለት የግድ መጣል አለመሆኑን ያሳያልና። የብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድ ዳይሬክተር ሂዴማሮ ፉጂባያሺ ከማይንክራፍትና ከቴራሪያ ጌሞች የአሰሳና የጀብዱን ስሜት እንደተማረ ተናግሯል፤ ሆኖም ዜልዳ ውስጥ የማይንክራፍትን ሣጥን ሣጥን ዓለም የሚፈልግ ሰው አያገኘውም።

ሐሳባቸውን የፈተኑበት መንገድ ደግሞ ለእኛ ዓይነቱ ሠሪ በቀጥታ የሚጠቅም ነው። በ2017 ሳን ፍራንሲስኮ በተካሄደው የጌም ሠሪዎች ጉባኤ ላይ እንዳሳዩት፣ የ1986ቱን የመጀመሪያውን ዜልዳ የሚመስል ጠፍጣፋ የቱዲ የሙከራ ቅጂ ሠርተው፣ ዛፍ ተቆርጦ ግንድ ሲሆን፣ እሳትም እንጨትን ሲይዝ፣ እነዚህ ሕጎች እርስ በርሳቸው ሲገናኙ ምን እንደሚወልዱ በዚያ አይተዋል። እኔም አሁን እያንዳንዱን አዲስ ሐሳብ መጀመሪያ የምሞክረው ባለቀለም ክቦች በሜዳ ላይ በሚንቀሳቀሱበት ባዶ ትዕይንት ነው። በድሬ ሙቀት ስሪዲ ሲከፈትበት እንደ ምጣድ ለሚግለው ላፕቶፔም እፎይታ ሆኖለታል።

ተቃራኒውን ምሳሌ ያገኘሁት ካፕኮም ከሚሠራው ተከታታይ የፍርሃት ጌም ከሬዚደንት ኢቭል ነው። በ2005 የወጣው አራተኛው ክፍል ካሜራውን ከተጫዋቹ ትከሻ ጀርባ አድርጎ የተኩስ ጌሞችን አቅጣጫ ለወጠ፤ የ2006ቱ ጊርስ ኦፍ ዋር መሪ ክሊፍ ብሌዚንስኪ ከእርሱ መማሩን አልሸሸገም። ከዚያ ግን ነገሩ ዞረ፦ አምስተኛውና በተለይም በ2012 የወጣው ስድስተኛው ክፍል ወደ ተኩሱ እያደሉ ሄደው፣ ተከታታዩ ከራሱ የተማሩትን ጌሞች መከተል ያዘ። ብዙ የሸጠ ጌም ነው፤ ፍርሃቱ ግን ሳስቷል። በ2017 ሰባተኛው ክፍል ተጫዋቹን አንድ ጠባብ ቤት ውስጥ ዘግቶ፣ ዕይታውንም ከራሱ ከገጸ ባሕርዩ ዓይን አድርጎ ፍርሃቱን መለሰው። ካሜራው ከቀደምቶቹ ክፍሎች ጨርሶ የተለየ ሆኖ ሳለ የአሮጌው ሬዚደንት ኢቭል አፍቃሪዎች የተቀበሉት፣ ካሜራው ልማድ፣ ፍርሃቱ ግን ማንነት ስለነበረ ነው ብዬ አምናለሁ።

የድብድብ ጌሞችን በአጭሩ ልጥቀስ፤ የቴከን መሪ የነበረው ሃራዳና የስትሪት ፋይተር መሪ የነበረው ኦኖ በአደባባይ እየተቀላለዱ ሲፎካከሩ የኖሩ ሲሆኑ፣ በ2012 የሁለቱ ተከታታዮች ገጸ ባሕርያት በአንድ ጌም ተፋልመዋል። በ2023 ስትሪት ፋይተር 6፣ በ2024 ቴከን 8 ለጀማሪ የሚሆን ቀለል ያለ የቁልፍ አጠቃቀም ይዘው መጡ፤ የሁለቱም ችግር አንድ ስለነበር መፍትሔያቸው መቀራረቡ አያስገርምም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ይዤ ሁለተኛውን ክፍል ስመለከት፣ የጌሜን ባሕርያት በወረቀት ላይ ልማድና ማንነት ብዬ ለሁለት ከፈልኋቸው። አራት ለአራት መሆኑና የአምስት ደቂቃው ሰዓት ልማድ ሆነው አገኘኋቸው። ሰዓቱን አውጥቼዋለሁ፤ ጨዋታው ብርሃኑ እየደከመ ሄዶ የመግሪብ አዛን ሲሰማ ያበቃል፤ ሰፈር ውስጥስ ማን በደቂቃ ተጫውቶ ያውቃል? ዳኛ አለመኖሩ ግን ማንነቱ ነው። ግቡ ድንጋይ ስለሆነ ኳሱ ከድንጋዩ በላይ ሲያልፍ «ገባ»፣ «አልገባም» የሚል ጭቅጭቅ መነሣት አለበት። ይህን የጨዋታው አካል አድርጌዋለሁ፦ ኳሱ በአጠራጣሪው ክልል ሲያልፍ ሁለቱም ወገኖች ቁልፍ ይጫናሉ፤ ቀድሞ የጮኸ ብልጫ ያገኛል፤ በአንድ ጨዋታ ውስጥ ደጋግሞ በሐሰት የጮኸ ቡድን ግን ተመልካቹ እያመነው አይሄድም። በዓለም አቀፍ ፈቃድ የሚሠራ የኳስ ጌም ይህን ሊያስገባው አይችልም፤ የእኔ ግን ያለዚህ የሰፈር ኳስ አይሆንም።

ያልተፈታው ስልክ ላይ ያለው የቁልፍ ጉዳይ ነው። በኪቦርድ ሩጫውን መልቀቅ ቀላል ሲሆን፣ ስክሪን ላይ ግን አውራ ጣት ቁልፉን ሲለቅ ኳሱ ዘግይቶ ይሰማዋል። አንዱ አማራጭ የሩጫውን ቁልፍ አስወግዶ ፍጥነቱን ጣቱ ከመሐል ምን ያህል እንደራቀ በመለካት መወሰን ነው፤ ሌላው የኳሱን ግፊት ለስልክ ብቻ መቀነስ ነው፤ ሁለተኛውን አልወደድሁትም፤ ኮምፒውተር ላይ የተለማመደ ሰው ስልክ ላይ ሌላ ኳስ ያገኛልና። ባለሁለት ጊጋ ራም ስልክ ያላችሁ የሙከራ ቅጂውን ጫኑና፣ አስፋልቱ ላይ በሩጫ ስትዞሩ ኳሱ የሚያመልጣችሁ ከእግራችሁ ይሁን ከጣታችሁ ጻፉልኝ፤ የስልካችሁንም ዓይነት ጨምሩበት።